የማዳም ዛፍ፣ የእኛ ገና

(ከእሑድ ጸሎት በኋላ ለእኅቶች የተሰጠ ንግግር)

እዚህ መምጣት ያልቻሉ ብዙ እኅቶች እንዳሉ አንርሳ። ከቤት መውጣት ያልተፈቀደላቸው አሉ፤ እሑድን ከሰኞ ሳይለዩ የሚሠሩ አሉ። ይህ ንግግር በወረቀት ሲወጣ አጣጥፋችሁ በቦርሳችሁ ያዙላቸው። ደረጃ ላይም ሆነ ሱቅ ስትገናኙ አቀብሏቸው።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ገና ዛፍ ነው፤ ይልቁንም ዛፉ ላይ ስለሚታሰረው ሪቫን። የምትስቁ አላችሁ። ሳቁ፤ ሳቅ አይከለከልም። ግን እስቲ ንገሩኝ፦ እዚህ ቤሩት ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በየሳሎኑ የሚቆመውን ዛፍ ከሳጥን የሚያወጣው ማን ነው? ቅርንጫፉን አንድ በአንድ የሚዘረጋው ማን ነው? በዓሉ ሲያልፍ አፍርሶ፣ ጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት የሚመልሰውስ? እኛ ነን። እንግዳ ገብቶ «እንዴት ያምራል!» ሲል የምትመሰገነው ማዳም ናት፤ ይሁን። እጁ ግን የእኛ ነው። ስለዚህ ሥራውን በደንብ እንወቀው፤ ከሥራው ጋር ስለሚመጣውም ነገር እንነጋገር።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው ልናገር። ብዙ የሊባኖስ ክርስቲያኖች ዛፋቸውን የሚያቆሙት በቅድስት በርባራ በዓል አካባቢ ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 4 ማለት ነው። ያን ቀን ስንዴ ቀቅለው በስኳር ያጣፍጡና ይበላሉ። እኛ ብናየው «ይኸማ ንፍሮ ነው» ነው የምንለው። ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራም በእርጥብ ጥጥ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እስከ ገና በቅሎ ከዛፉ ሥር በሚሠራው ዋሻ፣ «መጋራ» በሚሉት ዙሪያ ይደረደራል። ውኃ የምታጠጣውም መቼም እኛው ነን።

ቅድስት በርባራ ግን የእኛም ናት። በስንክሳራችን የምትታሰበው ታኅሣሥ 8 ነው። ያ ቀን በፈረንጅ ሲቆጠር ዲሴምበር 17 ነው። ከ4 እስከ 17 ቁጠሩት፤ 13 ቀን ነው። አሁን ደግሞ ከእነሱ ገና፣ ከዲሴምበር 25፣ እስከ እኛ ገና፣ እስከ ጃንዋሪ 7 ቁጠሩ፤ እሱም 13 ቀን ነው። የእነሱ ጥምቀት፣ «ጊጣስ» የሚሉት፣ ጃንዋሪ 6 ነው፤ የእኛ ጃንዋሪ 19። ያው 13። ስለዚህ ማዳም «የእናንተ ገና ለምን ሌላ ሆነ?» ብላ ብትጠይቅ አትፈሩ። ሌላ በዓል አይደለም፤ በዓሉ አንድ ሆኖ መቁጠሪያው ሁለት ነው።

ይህን ያልኩት ቁጥር ለማስተማር ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ይከተለዋል። አንደኛ፣ እኛ ያን ዛፍ የምናስጌጠው በነቢያት ጾም ውስጥ ሆነን ነው። ጾሙ ከኅዳር 15 ይጀምራል፤ የእነሱ ገና ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ሁለተኛ፣ እነሱ ዛፉን የሚያነሡት ጊጣስ ሲያልፍ ነው። ከጊጣስ ማግሥት ምን ቀን ነው? ጃንዋሪ 7፣ የእኛ ልደት! ባንናገር የልደትን ቀን የሰው ዛፍ ስናፈርስ ልንውል እንችላለን። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

«ዛፉን መንካት ኃጢአት ይሆን?» ብለው የሚጠይቁ እኅቶች አሉ። ዛፉ ከጀርመን አገር የመጣ ልማድ ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዞች ዘንድ የገነነው በ1848 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከባሏና ከልጆቿ ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። በእኛም አገር በከተማው ጥድ ተቆርጦ፣ በረዶ ይመስል ጥጥ ተበትኖበት አይተን አድገናል። በወንጌል ያለው ግርግም ነው፤ ዛፍ የለም። ስለዚህ ዛፉ ጌጥ ነው፤ የሚሰገድለት አይደለም፤ የሚፈራም አይደለም። ጾምሽን አይሽርም። ሥራ ነው፤ እንደ ሥራ ሥሪው።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ።

ከሳጥን የሚወጣው የፕላስቲክ ዛፍ ዓመት ሙሉ ተጨፍልቆ ነው የሚቆየው። ቅርንጫፉን ሳትዘረጊ ጌጥ ብትደረድሪበት ምንም አያምርም። ጓንት አድርጊ፣ እጅ ይቧጭራልና። ከታች ጀምረሽ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ አንዷን ወደ ቀኝ፣ አንዷን ወደ ግራ፣ አንዷን ወደ ላይ አድርጊ። ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ማዳም «ገና አልጨረስሽም?» ብትል፣ ቅርንጫፉ ካልተዘረጋ ሪቫኑ እንደማይቀመጥ አሳያት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ሪቫኑ፣ ቀጥሎ ኳሶቹ፣ ቀጥሎ ቢራቢሮዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ኮከቡ። ኳሱን አስቀድመሽ ሪቫኑን ኋላ ብታመጪው፣ ሪቫኑ ኳሱን እየጎተተ ይጥለዋል፤ የተሰበረውም ባንቺ ይቆጠራል።

የዛፍ ሪቫን ሰፋ ያለ ይሁን፤ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጠባቡን ለስጦታ መጠቅለያ ተዪው። ማዳም ሱቅ ስትወስድሽ የሪቫኑን ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው። ጠርዙ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያለበት ከሆነ እሱን አሳያት፤ እንዳጎበጥሽው ይቆማል። ሽቦ የሌለው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። መጠኑን ከጠየቀችሽ፣ ለአንድ ሜትር ዛፍ ወደ 9 ሜትር ሪቫን ያስፈልጋል። ዛፉ ሁለት ሜትር ከሆነ 18 ሜትር ያህል ማለት ነው። ሪቫን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ መብራት በሚጠፋበት በዚህ አገር ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ ያምራል።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም፤ እናንተ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የምታውቁ ናችሁ። ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ጥለቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ሲሆን ዓይን ያርፍበታል። ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይን ይደክመዋል። ዛፉም አረንጓዴ መደብ ነው። ቀይና ወርቃማ፣ ወይም ነጭና ብርማ፣ በቃ።

ሪቫኑን ዛፉን እየዞሩ መጠምጠም ለብቻዋ ለምትሠራ ሴት ይከብዳል፤ ዛፉ ግድግዳ ከተጠጋ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቀላሉን ልንገራችሁ። ሪቫኑን እየለካሽ በሦስት ስንዝር ቁረጪው። የእያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ጫፍ ወደ ዛፉ ውስጥ፣ ወደ ግንዱ አስገብተሽ በቅርንጫፉ ጫፍ ጠምዝዢው። መሐሉን ነፋ አድርገሽ አውጪው፤ ሌላውን ጫፍ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወዳለው ቅርንጫፍ አስገቢ። ቀጣዩን ቁራጭ እዚያው፣ ካለቀበት ጀምሪ። ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ረጅም ሪቫን ከላይ እስከ ታች የወረደ ይመስለዋል። ዛፉ ሳሳ ያለበት፣ ግንዱ የሚታይበት ቦታ ካለ ሪቫኑን እዚያ ላይ አብዢው። የሪቫን ዋና ሥራ ባዶውን መሸፈን ነው።

ቢራቢሮ የምለው፣ ማዳሞቻችን «ፊዮንካ» የሚሉትን ነው። ሁለት ሜትር ያህል ሪቫን ቁረጪ። ከጫፉ አንድ ስንዝር ለጭራ ተዪና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠሽ ያዢ። ከዚያ ወደ ቀኝ ወስደሽ ወደ ጣትሽ መልሺው፤ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጆሮ ይሆናል። ቀጥሎ ወደ ግራ እንዲሁ። በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሦስት እስኪሆን ቀጥዪ። ሪቫኑ ፊትና ጀርባ ካለው፣ መሐሉ ጋ በደረስሽ ቁጥር አንዴ ጠምዘዝ አድርጊው፤ ያኔ የሚያብረቀርቀው ወደ ውጭ ይሆናል። የቀረው ሁለተኛ ጭራ ነው። መሐሉን በቀጭን ሽቦ እሰሪው፤ ሹሩባ ስንቋጭ እንደምናጠብቀው ጥብቅ ይበል። ሽቦውን አትቁረጪው፤ ዛፉ ላይ የምታስሪው በእሱ ነው። ከዚያ ጆሮዎቹን አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እየሳብሽ ክፈቻቸው።

የጭራው ጫፍ እንዳይተረተር፣ ሪቫኑን በቁመቱ ለሁለት አጥፈሽ፣ ከተከፈተው ጠርዝ ጫፍ ጀምረሽ ወደ ታጠፈው በኩል አግድመሽ ወደ ላይ ቁረጪ። ስትዘረጊው እንደ ወፍ ጅራት ሹካ ይሆናል። ትልልቁን ቢራቢሮ ከላይ፣ ትንንሹን ወደ ታች አድርጊ። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ የሚሰበረው ኳስ ከላይ ይሁን፤ ከታች ቢራቢሮ ይሻላል። ግን የታችኛውን ጭራ አሳጥሪው፤ ረጅም ሪቫን ሕፃን አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ስታወልቂው ደግሞ ሪቫኑን አታጣጥፊው። በወጥ ቤት ወረቀት ካርቶን ላይ ጠቅልዪው። ቢራቢሮውን ጆሮው ውስጥ ወረቀት ጎስጉሰሽ አስቀምጪ፤ ለሚመጣው ዓመት ሥራሽ ይቀልልሻል።

ይህ ዕውቀት ማዳም ቤት የሚቀር አይደለም። አገራችን ውስጥ ሰርግ ሲሆን የሙሽራ መኪና በሪቫን ይሸለማል፤ አዳራሽ ይጌጣል፤ ልደት ይደገሳል፤ ዲኮር ሠርተው የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። እጅሽ የተማረውን ማንም አየር ማረፊያ ላይ አይቀማሽም።

አሁን ስለ ደኅንነታችሁ። ይህን ከሁሉ በላይ ስሙኝ። ኮከቡን ለመስቀል ፕላስቲክ ወንበር ላይ አትውጪ፤ ጎማ ባለው ወንበርም አትውጪ። መሰላል፣ «ሲሎም»፣ ጠይቂ። መሰላሉ ላይ ሆነሽ ወደ ጎን አትንጠራሪ፤ ወርደሽ መሰላሉን አንቀሳቅሺ። መብራቱን ስትነኪ ከሶኬት ንቀዪው፤ ገመዱ ከተላጠ አትሰኪው፣ ለማዳም አሳያት። በረንዳውን በሪቫንና በመብራት እንድታስጌጡ የምትታዘዙም አላችሁ። ከብረቱ ውጭ ሰውነታችሁን አታውጡ! እጃችሁ ከውስጥ የማይደርስበት ቦታ ሳይጌጥ ይቅር። «ማዳም፣ ብኻፍ» በሉ፤ እፈራለሁ ማለት ነው። መፍራት ነውር አይደለም። ሪቫን በሁለት ዶላር ይገዛል፤ እናንተን ግን እናታችሁ የምታገኘው ከየት ነው?

ሁለተኛው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ የተረፈ ቁራጭ ሪቫን፣ የተጣለ ኳስ፣ የስጦታ ወረቀት እንኳ ቢሆን ሳትጠይቂ ወደ ክፍልሽ አታስገቢ። ለእኛ ቁራጭ ነው፤ ሌላ ቀን ጠብ ሲነሣ ግን «ሰረቀች» ሊባልበት ይችላል። «ማዳም፣ ይህን ልውሰድ?» በዪ፤ ከተቻለ ሌላ ሰው እየሰማ ጠይቂ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ።

ሦስተኛው የእኛ የልደት ቀን ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ፣ የ1946ቱ፣ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፤ ይህን ታውቃላችሁ። በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል ግን በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይላል። ወረቀቱ አለ፤ ቤት ውስጥ ግን የሚያስከብር ሰው የለም። ስለዚህ በጥበብ እንናገር። ለመጠየቅ የልደትን ዋዜማ አትጠብቁ። ዛፉን የምታቆሙ ዕለት ተናገሩ። የማዳም ልብ በበዓል ደስ ባለው ሰዓት፣ ሪቫኑን እያቀበላችኋት፣ «ዒድና ብሰብዓ ካኑን ታኒ» በሏት፤ በዓላችን ጃንዋሪ 7 ነው ማለት ነው። «ዛፉን ከዚያ በፊት ወይም በማግሥቱ አነሣዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቤተ ክርስቲያን ልሂድ» በሏት። ጃንዋሪ 6 በሊባኖስ የመንግሥት በዓል ነው፤ አርመኖች ልደትን የሚያከብሩበት ቀን ነውና። የእኛ የልደት ዋዜማ ማለት ነው። ማዳም ቤት ስለምትውል ማታውን ለመውጣት ሊቀላችሁ ይችላል። እሷ እንቢ ብትልም የጠየቃችሁት ነገር ጥፋት አይደለም። ቤት የቀራችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ቅዳሴውን ክፈቱ፤ እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ ከእኛ ጋር ናችሁ።

በመጨረሻ ስለ ፎቶ ልናገር።

ዛፉ ካለቀ በኋላ ምን እናደርጋለን? ሻሽ አውልቀን፣ ፀጉር አስተካክለን፣ ዛፉ ሥር ቆመን ፎቶ እንነሣለን። ወደ አገር ቤት እንልካለን። በራሱ ክፉ ነገር የለውም፤ የሠሩትን ማሳየት ደስ ይላል። ግን ያ ፎቶ አገር ቤት ሲደርስ ምን ይላል? ሳሎኑ ያንቺ ይመስላል። ከዛፉ ሥር የተደረደረው ስጦታ ያንቺ ይመስላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት የተኛሽ መሆኑ አይታይም፤ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለሽ መሆኑ አይታይም።

አንዲት እኅታችን እንዲህ ያለ ፎቶ ልካ፣ ወንድሟ በሳምንቱ ደውሎ «እንዲህ ያለ ቤት እየኖርሽ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ አጣሽ?» አላት። እሷ ያን ወር ለስልክ ካርድ እንኳ ተበድራ ነበር። ወንድሟ ክፉ ሆኖ አይደለም። ያየውን አመነ። እውነቱን ያልነገረችው እሷ ክፉ ሆና አይደለም፤ እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። ግን መሐላቸው ቅያሜ ገባ፤ ገንዘቡን ለመላክ ደግሞ ሌላ ብድር ገባች።

ቅድም የሪቫን ዋና ሥራ ባዶውን መሸፈን ነው ብያችኋለሁ። ለዛፍ ደግ ነው። ለእኛ ኑሮ ግን ከባድ ነው። «ውስጡን ለቄስ» ይላል የአገራችን ሰው። ከላይ ያማረውን ብቻ ለቤተሰብ ልከን፣ ውስጡን ለብቻችን ይዘን ስንት ዓመት ኖርን? እናታችሁን አስጨንቁ አልልም። ሁሉን ዘርዝሩ አልልም። ግን ከፎቶው ጋር አንድ የድምፅ መልእክት ላኩ። «እማዬ፣ ይህ የአሠሪዬ ቤት ነው። ዛፉን ያስጌጥኩት እኔ ነኝ፤ ሪቫኑን ያሰርኩት በእጄ ነው። ደመወዜ ይህን ያህል ነው፤ የዚህ ወር ገና አልተከፈለኝም» በሏት። ያኔ ፎቶው የእውነት ፎቶ ይሆናል። እናታችሁም በሳሎኑ ሳይሆን በእጃችሁ ትኮራለች። ወንድማችሁም የሚጠይቀውን ለክቶ ይጠይቃል።

በዓል ሲመጣ «ዒዲዬ» የሚሰጧችሁ አሉ። ተቀበሉ፣ አመስግኑ። ግን ዒዲዬ ስጦታ ነው፤ ደመወዝ አይደለም። በደብተራችሁ ለየብቻ ጻፉት።

እንግዲህ ልጨርስ። ለልደት ይህን አዳራሽ እኛው እናስጌጠዋለን። ማዳም የፈቀደችላችሁን ቁራጭ ሪቫን አምጡ፤ አንድ ስንዝርም ብትሆን። ቀለሙ አይገጥምም ብላችሁ አትፈሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቢራቢሮ መሥራት የከበዳችሁ እሑድ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ኑ፤ ቁጭ ብለን አብረን እንሠራለን። ንፍሮም ይኖራል፤ የጾም ነው።

እግዚአብሔር ጾማችንን ይቀበልልን። በየቤቱ ያላችሁትን ከመውደቅ፣ ከሕመም፣ ከሐሰት ክስ ይጠብቃችሁ። አገር ቤት ያሉ ልጆቻችንን ያሳድግልን። በዓለ ልደቱን በአንድነት ለማክበር በሰላም ያድርሰን። አሜን።